የሰፈሩ ውሻ ባለቤት ሲፈለግ

አንድ አሮጌ ሰፈር ሲፈርስ የሰዉ ጉዳይ ያነጋግራል፤ ስለ ካሣው፣ ስለ ምትክ ቤቱ፣ ስለ ዕድሩ መበተን ብዙ ይባላል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በፒያሳና በካዛንቺስ በተካሄደው የኮሪደርና የመልሶ ማልማት ሥራም የሆነው ይኸው ነው። ስለ ውሾቹ የተናገረው ሰው ግን ጥቂት ነው። በግቢ ውስጥ የኖረ ውሻ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለ የኮንዶሚኒየም ቤት አይገባም ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ቤተሰቡ ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ሲሄድ ብዙ ውሾች ከፍርስራሹ ዘንድ ይቀራሉ፤ አጥሩ የነበረበትን ቦታ እየዞሩ ሲጠብቁ ቆይተውም ቀስ በቀስ ከጎዳና ውሾች ጋር ይቀላቀላሉ።

ትተዋቸው የሄዱት ሰዎች ሁሉ ጨካኞች ናቸው ብዬ አላምንም። ብዙዎቹ ውሻውን ለዓመታት ቀልበውታል፣ ስም አውጥተውለታል፣ ሲታመም አዝነውለታል። ነገር ግን በከተማችን በሰውና በውሻ መካከል ያለው ትስስር ከቦታ ጋር ተጣብቆ የኖረ በመሆኑ፣ ቦታው ሲጠፋ ትስስሩን ይዞ የሚሄድ ሰው አይገኝም። ከጎዳና የተነሡ ውሾችን ወስዶ ማሳደግ በወጣቶች ዘንድ እየተለመደ በመጣበት በዚህ ጊዜ ውይይታችን መጀመር ያለበት ከዚህ ላይ ይመስለኛል። ፍቅሩ አለ፤ የጠፋው «የእኔ ነው» የሚል ሰው ነው።

አንድ የማውቀው የግንባታ ቦታ አለ። የሌሊት ጥበቃው በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፤ የአካባቢው ወጣቶች «ጋሼ» ይሏቸዋል። ከቆርቆሮ በተሠራችው የጥበቃ ቤት ደጃፍ ጆንያ አንጥፈው አንዲት ቡናማ ውሻ ያሳድራሉ። ማታ እራታቸውን ሲጨርሱ የተረፈውን እንጀራ ወጥ አስነክተው ያስቀምጡላታል፤ ጠዋት ሥጋ ቤቱ ሲከፈት ደግሞ አጥንት ለምነው ያመጡላታል። ሌሊት እርሳቸውን ሸለብ ቢያደርጋቸው እንኳ እርሷ ኮቴ ስትሰማ ትቀሰቅሳቸዋለች። ውሻዋ የማን እንደሆነች ሲጠየቁ ግን መልሳቸው አጭር ነው፦ «የእኔ አይደለችም ልጄ፤ እዚሁ ያገኘኋት ናት።»

ተመሳሳይ መልስ ከሱቅ ጠባቂውም፣ ከሥጋ ቤቱ ሠራተኛም፣ ፍርፋሪ ከምትጥልላት እናትም ይሰማል። አንዲት ውሻ አምስት ሰዎች ይመግቧታል፣ ባለቤት ግን የላትም። ከውጭ አገር የመጣ ሰው ሲያያት «ጎዳና ላይ የተጣለች» ይላት ይሆናል፤ እውነቱ ግን ውሻዋ የምታውቀው ሰፈር፣ የምትጠብቀው በር፣ በድምፁ የምትለየው ሰውም አላት።

«የእኔ አይደለችም» የሚለው መልስ ምክንያት አለው። አንዱ ምክንያት ሕግ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን፣ እንስሳው በድንገት ከእጁ አምልጦ ያደረሰው ጉዳት ቢሆን እንኳ ከኃላፊነት እንደማይድን ይደነግጋል። የአንቀጹን ቁጥር የማያውቅ ሰው ፍሬ ነገሩን ያውቀዋል፤ ውሻው የጎረቤት ልጅ ከነከሰ ማሳከሚያውን የሚከፍለው እርሱ ነው፣ ከጎረቤት የሚጣላውም እርሱ ነው። ድንጋጌው ተገቢ ነው፤ የተነከሰ ሰው የሚጠይቀው ሰው ማግኘት አለበት። ዳሩ ግን ባለቤትነትን የሚያበረታታ ሌላ ሥርዓት፣ ማለትም በቅርብ የሚገኝ ክትባት፣ አቅምን ያገናዘበ የማምከን አገልግሎትና ቀላል ምዝገባ በሌለበት ከተማ፣ ዜጋው ከሕጉ የሚማረው ውሻን መውደድ እንጂ የእኔ ማለት እንደማያዋጣ ነው።

ባለቤት ማጣቱ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው በጤና በኩል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን ይገድላል፤ በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች 99 በመቶ ያህሉ በውሻ የሚመጡ ናቸው፤ ኢትዮጵያም በበሽታው ክፉኛ ከሚጠቁት የአፍሪካ አገሮች አንዷ ናት። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል፤ ከንክሻ በኋላ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይዘገዩ ክትባት መጀመር ግን በሽታውን ይከላከላል። በአገራችን ሰው ከተነከሰ በኋላ መጀመሪያ ወደ ጸበል ወይም ወደ ባህል ሐኪም መሄድ የተለመደ ነው። እምነቱን የሚነካ ነገር ማለት አልፈልግም፤ ጸበሉም ጸሎቱም ከክትባቱ ጋር ይሂድ፣ በክትባቱ ፈንታ ግን አይሁን። ከበግ አንጎል ተዘጋጅቶ በሆድ ላይ ለብዙ ቀናት በተከታታይ ይወጋ የነበረው የቀድሞው ክትባት የፈጠረው ፍርሃት ዛሬም በብዙ ቤተሰብ ውስጥ አለ፤ አሁን የሚመከሩት ክትባቶች ግን ክንድ ላይ የሚሰጡ፣ ቁጥራቸውም ያነሰ ነው።

በሽታውን ከምንጩ ለማድረቅ ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉ በየጊዜው መከተብ እንዳለባቸው ባለሙያዎች ይስማማሉ። ይህን ቁጥር ከላይ ካልነው ጋር ስናያይዘው ችግሩ ግልጽ ይሆናል። የክትባት ዘመቻ ቢታወጅ ጋሼ ያችን ቡናማ ውሻ ይዘው ይሄዳሉ? «የእኔ አይደለችም» ያለ ሰው ክፍያ አይከፍልም፣ ሰልፍ አይሰለፍም፣ ካርዷን አያስቀምጥም። በአምስት ሰው የምትመገበው ውሻ በአንድም ሰው ሳትከተብ ትቀራለች።

የከተማ አስተዳደሮች ለዚህ ችግር ለረጅም ጊዜ የሰጡት መልስ መርዝ ነበር። በሥጋ ውስጥ የተቀበረ ስትሪክኒን ሌሊት ይጣላል፣ ጠዋት የውሻ ሬሳ ከየመንገዱ ይለቀማል። ይህን ያየ ልጅ አይረሳውም። ከስቃዩ ሌላ፣ አሠራሩ ለታለመለት ዓላማ እንኳ አይረባም። ሥጋ ቤቱና የቆሻሻ ገንዳው እስካሉ ድረስ የሞቱትን ውሾች ቦታ ከሌላ ሰፈር የመጡ ይይዙታል፤ የተረፉት ይራባሉ፤ ከተከተቡት ጥቂቶች መካከል የሞቱት ሲታሰቡ ደግሞ የክትባቱ ሽፋን ጭራሽ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅትም የእብድ ውሻ በሽታን ለመቆጣጠር በጅምላ መግደልን የማይመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ያልተከተበ ውሻ ጣጣው ከከተማ ውጭም ይዘልቃል፤ በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2003 ከቤት ውሾች የተዛመተው ይኸው በሽታ በዌብ ሸለቆ የሚኖሩትን ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷቸዋል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ደግሞ በሙሉ 500 ገደማ ናቸው፤ ያሉትም እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው።

የጎዳና ውሻ ወስዶ ስለ ማሳደግ ሲነሣ አብዝቶ የሚሰማው ጥርጣሬ «ካደገ በኋላ ሰው አይለምድም፣ ከቡችላነቱ ካልያዝከው አይሆንም» የሚለው ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ምርምሩ ከብዙዎቻችን ግምት ይለያል። የሃንጋሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ በመጠለያ የሚኖሩ አዋቂ ውሾች ከማያውቁት ሰው ጋር እያንዳንዱ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሦስት ቆይታ ብቻ አድርገው ያንን ሰው ከሌላው ለይተው መፈለግ፣ ሲወጣ በሩ ላይ መቆም፣ ሲመለስ መሮጥ ጀምረዋል። ተመራማሪዎቹ የተጠቀሙበት ዘዴ ሕፃን ከእናቱ ጋር ያለውን ቁርኝት ለመለካት ከተዘጋጀው የተወሰደ ነበር። የሰው ንክኪ የተነፈገ እንስሳ አዲስ ሰው የመቅረብ ፍላጎቱ አለመጥፋቱን፣ እንዲያውም በርትቶ መገኘቱን ሳነብ በጣም ነክቶኛል።

ለእኛ ጎዳናዎች ይበልጥ የሚቀርበው ደግሞ ከሕንድ የመጣው ጥናት ነው። ኮልካታ አጠገብ ባለ የሳይንስ ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎች በመንገድ ላይ ተወልደው ያደጉ ውሾችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ሥራ፣ አንድ የማያውቁት ሰው በተደጋጋሚ ሲቀርባቸው ተጨማሪ ምግብ ከሚሰጣቸው ይልቅ የሚደባብሳቸውን ፈጥነው እንዳመኑ አሳይተዋል። እኛ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንላለን፤ ትስስሩን በቀለብ እንለካዋለን። ምግቡ ለአንድ ቀን ያቀርባቸው ይሆናል፣ እምነት የሚገነባው ግን የሚጎዳቸው መስሏቸው የነበረው እጅ ደጋግሞ ሳይጎዳቸው ሲቀር ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናትም ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ ውሻና ባለቤቱ ረዘም ላለ ጊዜ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ እናትና ሕፃንን የሚያቆራኘው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን በሁለቱም ዘንድ ይጨምራል። በሰው እጅ ያደጉ ተኩላዎች ግን ይህን አላሳዩም። ከተኩላ ተለይቶ ለብዙ ሺህ ዓመታት ከሰው ጋር የኖረ ፍጥረት የያዘው ችሎታ ነው፤ ከጎዳና የተነሣውም ውሻ ይህን ችሎታ ይዞ ነው የሚመጣው።

ይህ ማለት ግን ነገሩ ቀላል ነው ማለት አይደለም። በአገራችን ያደገ ማንኛውም ልጅ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ሊጮህብህ የመጣ ውሻ ድንጋይ ለማንሣት ጎንበስ ስትል ይሸሻል። ድንጋይ ባይኖርም ይሸሻል። ይህ የብዙ ውርወራ ትምህርት ነው። ከጎዳና የመጣ ውሻ ቤት ከገባ በኋላ የጫማ ማሰሪያ ለማሠር ጎንበስ ስትል ከአልጋ ሥር ይገባል፤ መጥረጊያ ስታነሣ ይሸናል፤ በር በኃይል ሲዘጋ ይንቀጠቀጣል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ይህ ውሻ ጤነኛ አይደለም» ብሎ ይመልሰዋል ወይም ይቆጣዋል። በውጭ አገር የመጠለያ ሠራተኞች ለአዲስ ወሳጆች የሚሰጡት የተለመደ ምክር ሦስት ቀን ለመረጋጋት፣ ሦስት ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ለመልመድ፣ ሦስት ወር ደግሞ ቤቴ ነው ብሎ ለማመን የሚል ነው። ቁጥሩ ሕግ አይደለም፤ አንዳንዱ በሳምንት ይለምዳል፣ አንዳንዱ ዓመት ይፈጅበታል። ዋናው ነገር የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ዝግ ብሎ ማሳለፍ ነው። ፊት ለፊት ከመቅረብ በጎን መቀመጥ፣ ራሱን ከላይ ከመንካት አገጩን ከሥር መንካት፣ እንግዳ አለማብዛት፣ ሕፃናት ሲበላ እንዳያስቸግሩት መከልከል ትንሽ ነገሮች ይመስላሉ፤ ውሻው የሚፈርደው ግን በእነርሱ ነው።

አንድ ቀን ጎንበስ ብለህ ዕቃ ስታነሣ ባለበት ተኝቶ ዝም ብሎ ያይሃል። ያ ቀን የመጣ ዕለት የትስስሩ መጀመሪያ የት እንደሆነ ትረዳለህ። ውሻው ያለፈ ሕይወቱን አልረሳም፤ አንተን ከዚያ ለይቶ ማየት ጀምሯል። ወስደው ካሳደጉ ሰዎች ጋር በተነጋገርኩባቸው ጊዜያት ሁሉ፣ ከውሻው ታማኝነት ወይም ከጥበቃው በላይ በስስት የሚያወሩት ስለዚህ ለውጥ ነው። የተፈራ ሰው ሆነው ጀምረው የታመነ ሰው ሆነዋል። በሌላ ግንኙነት ይህን ያህል በግልጽ የሚታይ ነገር ብዙ አይደለም።

ወጪውና ሥራውም በግልጽ መነገር አለበት። ከጎዳና የመጣ ውሻ ብዙውን ጊዜ እከክ፣ ቁንጫ፣ መዥገርና የሆድ ትላትል ይዞ ይመጣል። ቡችላ ከሆነ የሚያሰጋው ፓርቮ የተባለው ቫይረስ ነው፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥና ትውከት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድለዋልና ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ ክትባት ያስፈልገዋል። የእብድ ውሻ ክትባት በአብዛኛው በሦስት ወር ዕድሜ ይሰጣል፣ ከዚያም ይታደሳል።

የሴት ቡችሎች ነገር ለብቻው መነሣት ያለበት ነው። ሰው ወንድ ውሻ ይመርጣል፤ ሴት «ወንድ ታመጣብናለች፣ ትወልድብናለች» ተብላ በካርቶን ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ተደርጋ ወንዝ ዳር ትጣላለች። የሚተርፉት ጥቂቶች ዓመት ሳይሞላቸው ሊያረግዙ ይችላሉ፤ እርግዝናው 63 ቀን ያህል ብቻ ነው፤ በዓመትም ሁለት ጊዜ ሊወልዱ ይችላሉ። ስለዚህ አንዲት ሴት ውሻ ወስዶ ማሳደግና ማስመከን ከሚታየው በላይ ብዙ ነፍስ ይነካል። ቀዶ ሕክምናው ሆድ የሚከፈትበት በመሆኑ ቁስሉ እስኪድን አሥር ቀን ገደማ ንጹሕ ማደሪያ ያስፈልጋታል። ጎዳና ላይ የሚመግቧትን አምስት ሰዎች ባለቤት ሁኑ ማለት ቢከብድ፣ ከአምስቱ አንዱ ለእነዚህ ቀናት ብቻ ግቢውን ቢከፍትላት ግማሹ ሥራ ያልቃል። በነገራችን ላይ የመከነ ውሻ ጥበቃ ያቆማል የሚለው ወሬ ስሕተት ነው፤ ቦታውን የመጠበቅ ጠባዩ አይጠፋም፣ የሚቀንሰው እንስት ፍለጋ መዞሩና በእርሷ ሰበብ ከሌሎች ውሾች ጋር መናከሱ ነው።

«ሃይማኖታችን አይፈቅድም» የሚለውም በየጊዜው ይነሣል። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ስለ ንጽሕና ያላቸው ሥርዓት ሊከበር ይገባል፤ ውሻው ማደሪያውና ሳህኑ የተለየ ቢሆን ከዚያ ሥርዓት ጋር የሚያጣላ ነገር የለም። ርኅራኄውን ግን ሁለቱም ትውፊቶች በግልጽ ያስተምራሉ። በመጽሐፈ ጦቢት የጦብያ ውሻ መንገደኛውን ተከትሎ ይሄዳል፤ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ የሚሣሉት በአንበሶችና በነብሮች ተከብበው፣ የተጠማችው ወፍም ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ ነው። በሐዲስ ደግሞ ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ በጫማው ውኃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ኃጢአቱ እንደተሠረየለት ይነገራል። አያቶቻችን እነዚህን ታሪኮች ያወቁት ከማንም ውጫዊ ተጽዕኖ ሳይሆን ከገዛ ቤተ እምነታቸው ነው።

አዲስ አበባ ላይ ውሻ አሳድገው ወደ ውጭ ይዘው መሄድ የሚፈልጉ ሰዎችም ቁጥራቸው ቀላል አይደለም፤ ለሥራ መጥተው የሚመለሱ የውጭ ዜጎች ብቻ ሳይሆኑ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለዕረፍት መጥተው ከአንድ ቡችላ ጋር ፍቅር የያዛቸው ወገኖቻችንም አሉበት። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ከሚያሰጋባቸው አገሮች ተርታ ስለምትመደብ መንገዱ ረጅም ነው። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለመግባት ውሻው ማይክሮቺፕ (ከቆዳው ሥር የሚገባ ትንሽ መለያ) ተደርጎለት መከተብ፣ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ደሙ ተመርምሮ የመከላከል አቅሙ መረጋገጥ፣ ደሙ ከተወሰደ በኋላ ደግሞ ሦስት ወር መጠበቅ አለበት። አሜሪካም ሕጓን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 አጥብቃለች፤ ውሻው ቢያንስ ስድስት ወር እንዲሞላውና ማይክሮቺፕ እንዲኖረው ትጠይቃለች። የአንድ ወር ዕረፍት ለዚህ አይበቃም። ውሻውን ለወራት ጠብቆ የሚያቆይ ዘመድ አስቀድሞ ሳይገኝ ቃል መግባት፣ ለውሻው ሁለተኛ መጣል ይሆንበታል።

የከተማችን ሰው ግን በብዛት የሚኖረው በኮንዶሚኒየም እየሆነ ስለመጣ፣ የዚህ ጉዳይ መፍትሔም በአብዛኛው በዚያ መገኘት አለበት። አንድ ቤተሰብ መካከለኛ መጠን ያለውን ውሻ በፎቅ ቤት ማሳደግ አይችልም የሚለውን አልቀበልም፤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚያወጣው ሰው ካለና ዓይነ ምድሩን የሚያነሣ ከሆነ ይችላል። ለብዙዎች ግን ይበልጥ የሚሆነው ሌላ ነው። በየብሎኩ የጥበቃና የጽዳት ወርኃዊ መዋጮ የሚሰበስብ የነዋሪዎች ኮሚቴ አለ፤ በየግቢውም ጥበቃዎቹ የሚመግቧቸው ሁለት ሦስት ውሾች አሉ። ኮሚቴው ከመዋጮው ጥቂት ለይቶ ውሾቹን በዓመት አንድ ጊዜ ቢያስከትብ፣ ሴቶቹን ቢያስመክን፣ የእያንዳንዱን ውሻ ተጠሪ ቤተሰብ በመዝገብ ቢያሰፍር፣ የሰፈሩ ውሻ ስምና ባለቤት ያገኛል። ሌሊት ስለሚጮኹ ውሾች የሚነሣው ቅሬታም እውነተኛ ነው፤ በአብዛኛው የሚጮኹት ግን ለመራባት ሲጋደሉና እንግዳ ውሾች ሲገቡባቸው ስለሆነ፣ ማምከኑ ይህንንም ያቀልለዋል።

የእንስሳት ሐኪም ለአንድ ውሻ ከመምጣት በአንድ ጠዋት አሥር ውሾችን ቢከትብ ዋጋው ለሁሉም ይቀንሳል። የሚያስቸግረው መያዙ ነው። የማታውቀው ሰው ገመድ ይዞ ሲቀርባት የምትሸሽ ወይም የምትነክስ ውሻ፣ በየቀኑ ለሚያጎርሳት ጥበቃ ግን ዝም ብላ ትታሰራለች። ስለዚህ ኮሚቴው ቀኑን ሲወስን ከሐኪሙ በፊት ማማከር ያለበት ጥበቃዎቹን ነው፤ ውሾቹን የሚያውቋቸው የሌሊት ፈረቃ ጥበቃዎች ከሆኑ፣ ክትባቱ ከሥራ ከመውጣታቸው በፊት ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጀመር፣ የሚቆዩበት ተጨማሪ ሰዓትም ሊከፈላቸው ይገባል።